ባትሪዋን የሚበላው

«ዛሬም የመኪናዋን መብራት ሳያጠፋ ነው ያደረው» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ በስልክ፣ መኝታ ቤቱን ከውስጥ ዘግተው። ቀስ ብለው የተናገሩ መስሏቸዋል። የቀበና አሮጌ ቤት ግን ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነውና ምሥጢር መያዝ አያውቅበትም። «እኔማ ምን ልበለው ልጄ? ለወሩ ኪዳነ ምሕረት እንኳ አላደረሰኝም። በቃ ማታ ናና ቁልፉን ውሰድ። ቃሉን ሰጥቶ የለ፤ እምቢ አይልም።» ባለቤታቸው አቶ አምሃ ኮሪደሩ ላይ አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ ከትተው፣ ሌላውን ጫማ በእጃቸው እንዳንጠለጠሉ ይህን ሁሉ ሰሙ። እውነትም ቃላቸውን ሰጥተው ነበር። ባለፈው እሑድ ልጃቸው ፋኑኤል ከኮተቤ መጥቶ አብረው ምሳ በልተው ሲያበቁ፣ «አንድ ጊዜ ከደገመኝ መንዳት አቆማለሁ፣ ቁልፉን ለአንተ አስረክባለሁ» ብለው በገዛ አፋቸው ተናግረዋል። ዛሬ ጠዋት ባለቤታቸውን እንጦጦ ሊያደርሱ ተነስተው፣ በነጠላ ጫማ ወጥተው ቁልፉን ቢያዞሩት መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም። እንግዲህ ደገማቸው ማለት ነው። ሁለተኛውን ጫማ አጠለቁና ምንም እንዳልሰማ ሰው ወደ ግቢው ወጡ።

መኪናዋ ሰማያዊ ቮልስ ናት። አቶ አምሃ ጎልማሳ መምህር ሳሉ የገዟት፣ ፋኑኤል ተወልዶ ከሆስፒታል ወደ ቤት የገባባት ናት። ኮተቤ ለመምህርነት ለሚሰለጥኑ ልጆች ፊዚክስ ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን ያመላለሰቻቸው እርሷ ናት። ጡረታ ከወጡም በኋላ ሥራቸው ሳምንት ጠብቆ ወደ እንጦጦ መውጣት፣ ከኪዳነ ምሕረት ደጅ ተሳልሞ መኪናዋን ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አቁሞ ጋዜጣ ማንበብና ትንሽ ማንቀላፋት ነው። ባለፈው መስከረም ፋኑኤል «አንድ ነገር ላድርግልዎት አባባ» ብሎ መኪናዋን ጋራዥ ወሰዳት። ሞተሯ ወርዶ ተሠራ፣ ባትሪ የሚሞላው የድሮ ዲናሞዋ ወጥቶ አዲስ አልተርኔተር ገባላት፣ ወንበሯ ቆዳ ለበሰ፣ ከስልክ ጋር የሚነጋገር ሬዲዮም ተገጠመላት። ያመጣት ዕለት ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሲስም አቶ አምሃ እንባቸው እየመጣ መረቁት፤ «የወለድካቸው እንዲህ ያድርጉልህ» አሉት። ለሠፈሩም ሰው ሁሉ አውርተው አልጠገቡም። አንድ ነገር ብቻ ልጁ አስጠንቅቋቸው ነበር፤ «አልተርኔተር ስሱ ነው አባባ፣ የባትሪውን ክዳን እኔን ሳይጠይቁ እንዳይከፍቱት።» እሳቸውም እሺ አሉ። የልጅ ስጦታ አይመረመርማ!

ጥቂት ሳምንታት እንኳ ሳይቆይ ባትሪዋ መውረድ ጀመረ። ሁለት ሦስት ቀን ከቆመች በቃ፣ አትነሳም። መጀመሪያ ቀን ወይዘሮ የማርያምወርቅ «መብራት ረስተህ ይሆናላ» አሉ። ሁለተኛም እንዲሁ። ዕድሜ ልኩን ኤሌክትሪክ ያስተማረ ሰው እንዴት መለኪያ ቴስተር አንስቶ አይፈትሽም ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። አልፈተሹም። ጥፋቱ ሽቦው ላይ ሳይሆን እሳቸው ራስ ላይ እንደሆነ የነገሯቸው ሰዎች እሳቸው ከማንም በላይ የሚያምኗቸው ሰዎች ነበሩ። ከጥምቀት ማግሥት አንድ ሌሊት እንቅልፍ ቢያጡ የስልካቸውን መብራት ይዘው ወጥተው መኪናዋን ከፊት ከኋላ አይተው ተመለሱ፤ አንድም የበራ ነገር አልነበረም። ጠዋት ግን ሞታ ተገኘች። «እኔ እኮ ሌሊት ወጥቼ አይቻለሁ» ቢሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ብርድ ልብሱን እያስተካከሉላቸው «ያየኸው ከትናንት ወዲያ ይሆናል፣ አሁን አትጨነቅ» አሏቸው። ያን ቀን ነው አቶ አምሃ የፈሩት። ከዚያ ወዲህ የድሮ ተማሪ ስም ቢጠፋቸው ይደነግጣሉ፤ ጸሎት መሐል ቆም ብለው የቱ ጋ እንደነበሩ ይጠራጠራሉ። የጎረቤታቸው የልደቱ ልጅ ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ አስቦ ልደቱ «ሽማግሌዎቹን እርስዎ ይምሩልኝ ጋሼ» ብሎ ቢለምናቸው፣ «ከሰው ደጅ ቆሜ የጀመርኩትን ንግግር ብረሳው ልጅህን አዋርደዋለሁ» ብለው እምቢ አሉት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ እምቢ ብለው አያውቁም ነበር።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የጠበል ጠርሙሳቸውን በፌስታል ይዘው ወጡ። «እንጦጦ ድረስ አምስት መቶ ብር አለኝ እኮ ኮንትራት ታክሲው! ወደ ሰማይ ነው እንዴ የሚወስደኝ?» አሉ ለራሳቸውም ለባላቸውም በሚሆን ድምፅ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አቶ አምሃ «መንገዱስ ወደዚያው አይደል?» ብለው ያስቋቸው ነበር። ዛሬ የመኪናዋን ቁልፍ በእጃቸው አገላበጡ። ሴትየዋም የግቢውን በር ገርበብ አድርገው ሄዱ።

አቶ አምሃ የመኪናዋን በር ከፍተው ሹፌር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሊሰናበቷት ነበር፤ ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም። ልደቱ ከአጥሩ ወዲያ ከሚገኘው ፎቁ ላይ አያቸውና ወርዶ መጣ። «ዛሬም እምቢ አለች ጋሼ? እንግፋት እንዴ?» አለ። «አያስፈልግም ልደቱ፣ ማታ ቁልፉን ለልጁ አስረክባለሁ። መብራት እያበራሁ አድሬ ባትሪ ገደልኩ፤ ነገ ደግሞ ሰው እገድላለሁ።» ልደቱ ፊቱን ቋጠረ። «የምን መብራት?» አለ። «ጋሼ፣ እኔ ሲጋራዬን የማጨሰው እዚያ በረንዳ ላይ ነው፤ ሚስቴ ቤት ውስጥ ከልክላኛለች። ማታ ማታ ከፊቴ ያለችው ይቺው ቮልስ ናት። እውነቴን ነው የምልዎት፣ በርታ አይቻት አላውቅም። ትናንትም ጨለማ ነበረች።»

አቶ አምሃ ቀና ብለው በረንዳውን አዩት። ከዚያ ልደቱን አዩት። ሰውየው ሊያጽናናቸው የሚዋሽ አይመስልም ነበር፤ እንዲያውም ስለ ሲጋራው በማውራቱ ያፈረ ይመስላል። «እርግጠኛ ነህ?» አሉት። «በልጄ ይሁንብኝ!» አላቸው። አቶ አምሃ ተነስተው ወደ ዕቃ ቤት ገቡ፤ ከአሮጌ መጻሕፍት ሥር የማስተማሪያ ቴስተራቸውን አወጡ፣ አቧራውን በእጅጌያቸው ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ። ልደቱ ለሥራ ረፍዶበት ነበርና «ከፈለጉኝ ይደውሉልኝ፣ እስከ ምሳ ሰዓት እዚሁ ሠፈር ነኝ» ብሏቸው ሄደ።

የኋላውን ወንበር መቀመጫ ነቅለው አወጡት፤ ቮልስ ባትሪዋን የምትይዘው እዚያ ሥር ነው። ጋራዡ ያለበሰውን ጥቁር ክዳን፣ ልጃቸው እንዳይነኩ ያላቸውን፣ ብሎኑን ፈትተው አነሱት። ባትሪዋ ሞተር ለማስነሳት አቅም ባይኖራትም ትንሽ ነፍስ ቀርታታለች። የኔጋቲቩን ገመድ ፈቱና ቴስተሩን በገመዱና በባትሪው መሐል አስገቡት። ቁልፉ ጠፍቷል፣ ሬዲዮው ጠፍቷል፣ በር ሲከፈት የሚበራውን የጣሪያ መብራት አምፖሉን ራሱን አውጥተውታል። የቴስተሩ ቀስት ዜሮ ላይ መተኛት ነበረበት። አልተኛም። ከፍ ብሎ ቆመ፤ ሁሉ ነገር ጠፍቶ ሳለ አንድ ነገር እየበላ ነው። አቶ አምሃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ክፍል ውስጥ የገቡ መሰላቸው። ወደ ፊት ዞረው አንዱን ፊውዝ ነቀሉ፣ ተመልሰው ቀስቱን አዩ፤ እዚያው ነው። ሌላውን ነቀሉ፣ ተመልሰው አዩ። እንዲህ እየተመላለሱ ፊውዞቹን አንድ ባንድ አወጡ። ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። ያን ጊዜ አዲሱን አልተርኔተር ጠረጠሩ፤ ወፍራም ገመዱን ፈትተው ጫፉን በጨርቅ ጠቀለሉት። አሁንም ያው ነው። ስለዚህ የሚበላው ነገር በፊውዝም በአልተርኔተርም አልፎ አይሄድም፤ በቀጥታ ከባትሪዋ አፍ ነው የሚጎርሰው። አጎንብሰው የፖዘቲቩን ብሎን በጣታቸው ዳሰሱ። ከወፍራሙ ገመድ ሥር ተደብቆ፣ ጥቁር ፕላስተር የለበሰ ቀጭን ሽቦ ተገኘ።

ሽቦውን በጣታቸው እየተከተሉ ሄዱ። ከምንጣፉ ሥር ይገባል፣ የወንበሩን መደገፊያ አልፎ ከጀርባው ወዳለው ዕቃ ማስቀመጫ ይሻገራል፣ እዚያ ጥግ ላይ አዲስ በተለጠፈው ምንጣፍ ሥር ይጠፋል። ምንጣፉን ገለጡት። የክብሪት ቀፎ የሚያህል ጥቁር ነገር፣ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም የምትልበት። ሽቦውን ነቀሉት፤ ቀስቱ ዜሮ ላይ ወደቀ። አቶ አምሃ ሳቁ። ብቻቸውን፣ ጎንበስ እንዳሉ፣ ጮክ ብለው ሳቁ! አልረሱም ነበር። አንድም ቀን አልረሱም። አእምሯቸው ደህና ነው፣ እጃቸው ደህና ነው፣ ያን ሌሊት ያዩት ጨለማ የዚያው ሌሊት ጨለማ ነበር። የማርያምወርቅ እስክትመጣ እንዴት እንደሚታገሡ ጨነቃቸው፤ ወዲያው ሊደውሉላት ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ከመደወላቸው በፊት ዕቃው ምን እንደሆነ ሊነግሯት አሰቡና ገልበጥ አድርገው አዩት። ጂፒኤስ ነው፤ የኪራይ መኪና ያላቸው ሰዎች ሹፌራቸው የት እንደዋለ በስልክ የሚያዩበት። ሌባ አያስገባውም፤ ጋራዡም ያለ ልጁ ፈቃድ አያስገባውም። ፋኑኤል መሆኑ ገባቸው፤ ትንሽ ከፋቸው፣ ግን ልጅ ነው፣ ይሰጋል ብለው ሊያልፉት ተዘጋጁ። በጀርባው በኩል ግን በዚያው ጥቁር ፕላስተር አብሮ የታሰረ አንድ ነገር ነበር። አውራ ጣት የምታህል የጨርቅ ቋጠሮ። ጨርቁ የነጠላ ጥለት ነው፤ አረንጓዴና ወርቃማ፣ እሳቸው ራሳቸው ለባለቤታቸው ለፋሲካ የገዙት፣ ጫፉ ቢቀደድ ሴትየዋ አዝነውበት የነበረው። ፈቱት። ውስጡ ደቃቅ አመድ ነው፤ ከኪዳነ ምሕረት የመጣ እምነት። የማርያምወርቅ ለሚሳሱለት ሰው እምነት ቋጥረው ትራስ ሥር ያኖራሉ፤ ፋኑኤል ፈተና ሲሄድ ኪሱ ውስጥ ይከቱለት ነበር። ይህንንም ቋጥረው ጋራዥ ድረስ ሄደው፣ ባላቸውን ከሚሰልለው ዕቃ ጋር አንድ ላይ አስለጥፈውታል። አቶ አምሃ ስልካቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ መኪናዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ፊውዞቹንና ገመዶቹን በየቦታቸው መልሰው ልደቱን ጠሩትና መኪናዋን ከግቢው አውጥተው በቁልቁለቱ ገፏት፤ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ለቀቅ ሲያደርጓት ተነሳች። «ምን ሆና ነው?» ሲላቸው «ሽቦ ነው» ብለው ብቻ መለሱለት። በፈረንሳይ ሠፈር በኩል አድርገው ሽቅብ ወጡ። ባሕር ዛፉ መካከል ሲደርሱ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ዳር ይዘው ይወርዳሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርሱ መኪናዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው ሞተሩን ሳያጠፉ አቆሟት። ጥቁሩን ዕቃ ከነቋጠሮው በጎናቸው ባለው ወንበር ላይ አስቀመጡት። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ እየተበተነ ነበር። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ጠርሙሳቸውን እንዳቀፉ ሲወጡ ሰማያዊዋን መኪና አዩና ፊታቸው በራ። «ተነሳች? እሰይ!» አሉ በሩን እየከፈቱ። ከዚያ ወንበሩን አዩት።

ሰው «ወይዘሮ የማርያምወርቅ፣ እንኳን አደረሰዎ» እያለ ያልፋል፤ እሳቸው «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይላሉ፣ ዓይናቸው ግን ከወንበሩ አልተነሳም። በመጨረሻ ዕቃውን አንስተው ተቀመጡና ጭናቸው ላይ አኖሩት። አቶ አምሃ ፍሬኑን ለቀቁ። የመጀመሪያውን ኩርባ አለፉ።

«ለአንተው ብለን ነው» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። «ክረምት ላይ ያን ቀን ስልክህ ተዘግቶ እስኪመሽ ስትቀር ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ጫካ ውስጥ ወድቆ ይሆናል ስል...»

«እሱስ ይሁን» አሉ አቶ አምሃ። «ብትነግሩኝ ተቆጥቼ ተቆጥቼ እሺ እል ነበር። ባትሪዋን የሚበላው ይኼ መሆኑን መቼ አወቃችሁ?»

መንገዱ ቁልቁል ወረደ፣ ቤቶች መታየት ጀመሩ፣ አንድ ሚኒባስ ጥሩንባውን እየነፋ አለፋቸው። ፈረንሳይ ሲደርሱ ሴትየዋ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ «መካኒኩ ለፋኑኤል ነግሮት ነበር» አሉ። «ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው አለው። ሌላ ባትሪ የማይበላ ይመጣል፣ እስከዚያ ዝም በይ አለኝ።»

«መቼ?»

«ከገና በፊት።»

አቶ አምሃ ማርሽ ቀነሱ። ከገና በፊት! የስልክ መብራት ይዘው በብርድ የወጡት ከጥምቀት ማግሥት ነው። «ሄጄ አይቻለሁ ስልሽ እውነቴን እንደሆነ ታውቂ ነበር» አሉ። ጥያቄ አልነበረም፤ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አዎ ብለው። «ምን ልበልህ? እውነቱን ብነግርህ ነቅለህ ትጥለዋለህ። ረስተህ ነው ማለት ቀለለኝ። አንድ ጊዜ ካልኩት በኋላ ደግሞ መመለስ አቃተኝ።» ማልቀስ ጀመሩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አቶ አምሃ መኪናዋን ዳር አቁመው መሐረብ ይሰጧቸው ነበር። ዛሬ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አጥብቀው ያዙ፤ ተናደው ብቻ አልነበረም፣ አብሯቸው የተቀመጠችውን ሴት የማያውቋት መስሏቸው ደንግጠው ነው።

ፋኑኤል ከሥራ እንደወጣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በፌስታል ብርቱካን ይዞ መጣ። ሳሎን ሲገባ ጥቁሩ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ብርቱካኑን የሚያስቀምጥበት ጠፋው። እናቱን ቢያይ እናቱ የሶፋውን ዳንቴል ያስተካክላሉ። «አባባ፣ እኔ እኮ ለደኅንነትዎ አስቤ ነው» አለ ቆሞ። «ቁጭ በል» አሉት። ተቀመጠ።

«ሸምግለዋል፣ አይንዱ ብለህ ፊት ለፊት ብትጣላኝ ይሻለኝ ነበር» አሉት አቶ አምሃ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «እኔ እኮ ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ። አእምሮዬ እየሄደ ነው፣ ይጸልዩልኝ ብያቸዋለሁ። እሳቸውም ሰባት ቀን ጠበል ግባ አሉኝ፤ በዚያ ብርድ ገባሁ። አንተ ያን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ነበር።» ፋኑኤል አንገቱን ደፋ። አባቱ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡና አሳዩት፤ መልሰው ከተቱት። «ይህን አልሰጥህም። አሁን ሂድ፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል።» ልጁ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል እግራቸውን ሰበሰቡ። እስከ ግቢው በር ሸኙት፤ ወግ ነውና። የልጁ መኪና ታጥፎ ሲሄድ አይተው በሩን ዘጉ፣ መቀርቀሪያውን ገፉ፣ የበሩን ቁልፍ አስገብተው አዞሩ፣ ወደ ቤት ተመለሱ።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ሽሮ አቅርበው ነበር። ሁለቱም ጥቂት ጎራረሱና ተዉት። ሴትየዋ ሳህኖቹን ሰብስበው ወደ ጓዳ ሲያልፉ፣ በየምሽቱ እንደሚያደርጉት፣ ምንም ክፋት በሌለው ድምፅ፣ «በሩን ቆልፈኸዋል?» አሉ። እንዳሉት ወዲያው ደነገጡ፤ ሳህኖቹን እንደያዙ ቆሙ።

«ቆልፌዋለሁ» አሉ አቶ አምሃ።

ቆልፈውታል። መቀርቀሪያው እጃቸውን እንዳቀዘቀዘው እንኳ ያስታውሳሉ። ቁልፉ ሲዞር የሰጠውን ድምፅ ያስታውሳሉ። የሚጠራጠሩበት ምንም ምክንያት የለም፤ ዛሬ በቴስተር አረጋግጠዋል። ላለመነሳት የወንበሩን እጀታ ያዙ። ሴትየዋ «ተው፣ ተቀመጥ፣ እኔ አምንሃለሁ» ሲሉ ያን ጊዜ ተነሱ። ግቢውን አቋርጠው ሄደው በሩን ገፉት። ተቆልፏል። ቁልፉን አውጥተው ከፈቱት፣ እንደገና ቆለፉት፣ «ቆለፍኩ» አሉ ጮክ ብለው፣ ለራሳቸው። ወደ ቤት ዞሩ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ በረንዳው ላይ ወጥተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያይዋቸዋል። አቶ አምሃ ጥቂት ተራመዱና ግቢው መሐል ላይ ቆሙ። ከዚያ ተመልሰው በሩን እንደገና ገፉት።